ለደራሲዋ መቃብር የተቀቀለ ንፍሮ

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ማንም አልሞተም፤ የሞተችውም ከተቀበረች መቶ ዓመት አልፏታል። ነገር ግን ምን እንደ ተደረገ እስካሁን በደንብ አልገባኝም፤ ምናልባት ስጽፈው ይገባኝ እንደ ሆነ ብዬ ነው።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት፣ ካምደን በሚባል የለንደን ሰፈር ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ የሚሰበሰብ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር አገኘሁ። ማኅበሩ የቆመው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የኖረችን አንዲት ደራሲ ለማስታወስ ነው። ባል ሚስቱን እንደ ንብረት መያዙን፣ የፋብሪካ ሴቶች ደመወዝ ማነሱን እየጻፈች ስትቃወም ኖራለች፤ በዚህም ብዙ ሰው ጠምዶ ይዟት ነበር። አባላቱ አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። እኔ ከሁሉም አንሳለሁ፤ ወንበር እደረድራለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ሲስቁ ባይገባኝም እስቃለሁ። ለንደን ከመጣሁ ወዲህ “በሚቀጥለው ወርም ትመጫለሽ አይደል?” ብለው የጠየቁኝ እነሱ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሙሉ አባል መሆን በጣም ፈለግሁ። ደንቡ ቀላል ነው፤ አዲስ ሰው በየዓመቱ የካቲት ላይ መቃብሯ ዘንድ በሚደረገው ስብሰባ ጥቂት ቃል ይናገራል፤ ከዚያ አባላቱ እጅ አውጥተው ይቀበሉታል።

“በቋንቋሽ አንድ ነገር ብትዪልን ደስ ይለናል” አሉኝ ሊቀመንበሯ፣ ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ቀጭን ባልቴት።

መቃብር፣ በየዓመቱ፣ ቀኑም የታወቀ። ሙት ዓመት መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ኬንቲሽ ታውን አንድ ክፍል ያከራዩኝ ኤርትራዊት እናት ናቸው፤ አማርኛውን የተማሩት አስመራ፣ ትምህርት ቤት ነው። ነገሩን ነገርኳቸው።

“ዘመድሽ ናት?”

“አይደለችም እትዬ፣ ደራሲ ናት።”

“መቼ አረፈች?”

“መቶ ዓመት አልፏታል።”

“ልጆችስ?”

“አልወለደችም።”

ከንፈራቸውን መጠጡ። “እንግዲያ መቶ ዓመት ሙሉ ንፍሮ የቀቀለላት የለም። አንቺም ባዶ እጅሽን ልትሄጂ ነው?”

“ምን ይሉኛል ብዬ ነው።”

“የሚበላ ይዞ የመጣን ሰው ማን ምን ይለዋል?” ብለው ስንዴና ሽምብራ ዘፈዘፉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ቀሚስ ለብሼ፣ ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ፣ ንፍሮውን በክዳን ሳህን ይዤ ደረስኩ። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ቀይና ቢጫ ፊኛ ታስሯል። አባላቱ በወረቀት ኩባያ ወይን እየጠጡ ይስቃሉ። ሊቀመንበሯ ሻማ የተሰካበት ኬክ ይቆርሳሉ። ልደቷ ነበር። ለሞተች ሰው ልደት።

“ምነው፣ ሐዘን ደረሰብሽ እንዴ?” አሉኝ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ከልባቸው ደንግጠዋል።

“የለም” አልኩ። ነጠላዬን መገልበጥ ጀመርኩ፤ ከዚያ ደግሞ መቃብር ላይ ነኝ ብዬ ተውኩት።

ተራዬ ሲደርስ ስለ መጻሕፍቷ ያጠናሁት አማርኛ ሁሉ ጠፋብኝ። ድንጋዩን ሳይ አፌ ላይ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ነፍስ ይማር” አልኩ። አጨበጨቡልኝ።

“ምን ማለት ነው?” አሉ ጸሐፊው።

ደስ እንዲላቸው በጥንቃቄ ተረጎምኩት፤ እግዚአብሔር ነፍሷን ይማርላት ማለት ነው አልኩ። ጭብጨባው ቆመ። ጸሐፊው ፊታቸው ቀላ።

“ይህች ሴት ነፍስ የሚባል ነገር የለም ስትል ኖራ ነው የሞተችው። መቃብሬ ላይ ጸሎት እንዳይደረግ ብላም ተናዛለች። ለመሆኑ ምሕረት የሚለመንላት ምን አጥፍታ ነው?”

“ምንም። ለሁሉም ሰው የምንለው ነው።”

“እና ጸሎት ነው ወይስ ወግ?”

አሰብኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ብዬዋለሁ፤ ይህን ግን የጠየቀኝ ሰው የለም። “ሁለቱም ይመስለኛል” አልኩ። ይህ መልስ ማንንም አላስደሰተም።

ሊቀመንበሯ ሳህኑን ከፈቱ። “ይህስ? ይህም ይጸልያል?”

“እሱ የሚበላ ነው።”

አንድ እፍኝ ዘገኑ። “ጨው ይጎድለዋል” አሉና ደገሙ። ሌሎቹም ቀረቡ፤ ከኬኩ በፊት ንፍሮው አለቀ። እጅ የማውጣቱ ነገር ግን ሳይነሳ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። አባል ሆኛለሁ ወይስ አልሆንኩም? ማንን እንደምጠይቅ አላወቅሁም።

“ከበሉማ አለቀ” አሉኝ እትዬ። “የተበላ ተዝካር አይመለስም።”

አላለቀም። በተከታዮቹ ስብሰባዎች ስለ እኔ ተከራከሩ፤ እኔ እዚያው ወንበር እደረድራለሁ። አንዳንዶቹ ደራሲዋ ለሰው ሁሉ ነፃነት ስለ ታገለች ልጅቷም ያሻትን ትበል አሉ። ጸሐፊው ግን የሟች ኑዛዜ አይፈርስም አሉ። በዚህስ እውነታቸውን ነው፤ በእኛም አገር የሟች ቃል ይከበራል። ተነስቼ ይህንኑ ተናገርኩ።

ጸሐፊው ትክ ብለው አዩኝ። “አንቺ ግን ከማን ወገን ነሽ?”

እሱንም አላወቅሁም።

በመጨረሻ ሊቀመንበሯ ውሳኔውን አነበቡ፤ አባል ሆኛለሁ፣ በየዓመቱ ንፍሮ ይዤ እመጣለሁ፣ በቋንቋዬ የፈለግሁትን እላለሁ፣ ያልኩትን ግን አልተረጉምም። ሁሉም እጅ አወጡ፤ ጸሐፊው ከሁሉም በኋላ። ሲወጡ ጠጋ ብለው “ለሚቀጥለው ጨው ጨምሪበት” አሉኝ። ተቀበሉኝ ወይስ ዝም አሰኙኝ፣ አልለየሁትም። አመስግኜ ወንበሮቹን ሰበሰብኩ። ቀኑ ቅዳሜ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ሰኔ 8 ቀን 1996 ነበር።