«ሁለቱ ቤተሰቦች በደስታ ያስታውቃሉ»

ዲላ በሚገኝ አንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ኃላፊያችን አቶ ተፈራ ስለ ጦርነትና ስለ ነዳጅ የተረጎምኩትን ዜና አነበቡና ወረቀቱን መለሱልኝ። «ይሄንን ሁሉም ጣቢያ ያወራዋል። የእንግሊዝ ጋዜጦች የንጉሥ ቤት ወሬ ይጽፋሉ አይደል? እሱን አምጣልኝ» አሉኝ።

ከዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሳይንስ የተመረቅሁ ሰው ነኝ። አራት ዓመት የተማርኩት የልዕልት ባርኔጣ ልተረጉም ነው ወይ ብዬ ተናደድኩ። ንዴቱ ሁለት ሳምንት አልቆየም፤ ወሬው ጣፋጭ ነበር።

ጠዋት ጋዜጦቹን ከኢንተርኔት አያለሁ፣ አንድ ገጽ እጽፋለሁ፣ ቀይ መብራቱ ሲበራ አነባለሁ። ቀጥሎ የአገር ቤቱ ማስታወቂያ ይመጣል፤ የጠፋ ላም፣ የዕድር ስብሰባ፣ ሠርግ። እሱንም የማነበው እኔ ነኝ።

ከሁሉ የማረከኝ የእንግሊዞቹ አጭር ማስታወቂያ ነው። የትልልቅ ቤተሰቦችን ልደት፣ እጮኝነትና ሞት በሁለት መስመር ይጨርሱታል። የእኛ ሰው ግን የአክስት ልጅ ሳይቀር ካልተጠራ ማስታወቂያ የወጣ አይመስለውም። ቀስ በቀስ እኔም የሰውን ጽሑፍ በእንግሊዝ ልክ መቁረጥ ጀመርኩ።

እትዬ ዳመነች የሚባሉ፣ ኢዲዶ በምትባል መንደር ቡና የሚያደርቁ ደንበኛ አድማጭ ነበሩን። የአንድ ልዑል መታጨት ያነበብኩ ዕለት ደወሉ።

«ሽማግሌ ማን ሄደ?»

«ጋዜጣው አልጻፈም፣ እትዬ።»

«ዋናውን ነገር ትተው ምን ጻፉ ታዲያ?»

«ስለ ቀለበቱ ድንጋይ።»

«ወይ ጉድ! እኔ ድንጋይ ምን ያደርግልኛል?»

ስቱዲዮው በሳቅ ሞላ። እኔም የእትዬን ጥያቄ በየሻይ ቤቱ ሳዞረው ከረምኩ።

አቶ ከድር ከፍስሐ ገነት ከተማ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው። ለልጃቸው ለጀማል፣ ዲላ የጭነት መኪና ያላቸውን የሐጂ ነስሩን ልጅ ፎዚያን ጠይቀዋል። «ሐጂ ‹ዘመድ እናማክር፣ በጁምዓ ተመለሱ› አሉ» አሉኝ፤ ደስታ ፊታቸው ላይ አላርፍ ብሎ። «ይሄ እሺ ማለት እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። ሴት ልጅ ያለው አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ይዘውት የመጡት ጽሑፍ ሁለት ገጽ ነበር፤ ሦስት መስመር አደረግሁትና ማሳረጊያ ጨመርኩበት። «መተጫጨታቸውን ሁለቱ ቤተሰቦች በደስታ ያስታውቃሉ።» ይህችን አቶ ከድር አልጻፏትም። በእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ስላማረችኝ ነው። አንብቤም ራሴን አደነቅሁ።

በማግስቱ ፎዚያ ራሷ ቢሮ መጣች።

«ጋሼ፣ ያነበቡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«አጎቴ ይርጋጨፌ ሱቁ ቁጭ ብሎ ሰማ። አባቴ ገና አላማከረውም ነበር። ‹ካለ እኔ ድራችኋል› ብሎ ስልኩን ዘጋበት። አባቴ ደግሞ ‹ልጄን ሬዲዮ አይድርልኝም፤ ቀርቷል› አለ። እሺ ሊል ሦስት ቀን ነበር የቀረው።»

አቶ ተፈራ ጣልቃ ገቡ። «ችግር የለም፣ ማስተካከያ እናነባለን።»

«ምን ብላችሁ? አልታጨችም ብላችሁ? በዲላ ሁሉ ፊት?» አለችና እንባዋ መጣ። «እኔ ጀማልን እወደዋለሁ፣ ጋሼ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እንግሊዞቹ ስህተታቸውን የሚያርሙበትን አጻጻፍ በቃሌ አውቀው ነበር፤ ለእሷ የሚሆን አንድም ዐረፍተ ነገር አልነበረውም።

በነጋታው ከአቶ ከድር ሦስት ሽማግሌዎች ጋር ሐጂ ነስሩ ደጅ ቆምኩ። ተቀመጡ የሚለን የለም።

«እናንተን አውቃችኋለሁ። ይሄ ማነው?» አሉ ሐጂ።

«ሬዲዮው ነው» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ሁለቱ ቤተሰቦች ብለሃል። ከእኔ ቤት ማን ነገረህ?»

«ማንም፣ ሐጂ።»

«ከየት አመጣኸው?»

«ከእንግሊዝ ጋዜጣ።»

«የእንግሊዝ ጋዜጣ የልጄን አጎት ያውቀዋል?»

«አያውቀውም።»

«እንግዲያው አንተ ሄደህ ተዋወቀው።»

በሚኒባስ ይርጋጨፌ ሄድኩ። አጎትየው፣ መለዋወጫ ሻጩ አብዱ፣ ሦስት ገዢ እስኪያስተናግድ በር ላይ አቆመኝ። ከዚያ «ምን ልታማክረኝ ነው የመጣኸው?» አለኝ።

ወረቀት አልያዝኩም። ለስንት ዓመት ማይክ ፊት የተቀመጥኩት ሰውዬ ተንተባተብኩ። ጀማል የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ የእናቱ ወገን ከየት እንደሆነ፣ በእንግሊዝ ልክ ቆርጬ የጣልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገርኩ። አብዱ ሁሉንም ቀድሞ ያውቀው ነበር። ግን አዲስ ነገር እንደሚሰማ ሰው እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

ስሜን ጠየቀኝና እዚያው ቆሜ እያለሁ ለሐጂ ደወለ። «አማክረውኛል» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

በጁምዓ ስንመለስ ሐጂ ነስሩ «ተቀመጡ» አሉን። ተቀመጥን።

በሳምንቱ እትዬ ዳመነች ደወሉ። «ያ ሁለቱ ቤተሰብ ያልከው፣ ሽማግሌ ማን ሄደ?»

«እኔ ነኝ የሄድኩት፣ እትዬ።»

«ይኸው፣ እንዲህ ነው ዜና» አሉኝ።

የንጉሥ ቤት ወሬ ዛሬም እተረጉማለሁ። የእጮኝነት ማስታወቂያ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ እነማን እንደነበሩና ምን መልስ ይዘው እንደተመለሱ ይነግረኛል። ከዚያ ለልጅቷ አባት እደውላለሁ። ቀጥሎ ለአጎቷ።