ቡሽ ያልነበረው ጠርሙስ

ሰፈሩ «ገመዱ» ይለዋል። ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ዕድሜውን በገመድ ሲወርድና ሲወጣ ስለኖረ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ የለም። የግቢውንም ጉድጓድ ሚስቱ ውሃ ፍለጋ እንዳትንከራተት ብሎ ያጠለቀው እሱ ነው። ፓምፑ የሚስበው ከታች፣ ከወለሉ ነው።

ሚስቱ ታመመች። ኩላሊቷ ነው ተባለ። ሐኪሙ ውሃችሁን አስመርምሩ አለ፤ የላቦራቶሪው ሰውዬም «የላዩና የታቹ ውሃ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ፓምፑ ከሚስብበት ከታች ቀድተህ አምጣ» አለው። የዚህ መሣሪያው ዋጋ አይቀመስም፤ ገመዱ ግን ብልሃት መች ያጣል? ጠርሙስ አንገት ላይ ገመድ አሰረ፣ ከሥሩ ድንጋይ አንጠለጠለ፣ እስከ ወለሉ ለቀቀው። ሞልቶ ወጣ።

ውጤቱ ንጹሕ ነው ተባለ። ልቡ አረፈ። «ውሃችን እንከን የለውም» እያለ አፉን ሞልቶ አወራ፤ አጥር ለሚጋሯት ለሚስቱ እህት ቤትም ቧንቧ ዘረጋ። ለሚስቱማ «ንጹሕ ውሃ ኩላሊት ያጥባል» እያለ በገዛ እጁ ያጠጣታል። እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን እያበጠች ሄደች።

ቆሽቱ አርሮ ላቦራቶሪው ተመልሶ ሄደ።

«ለመሆኑ ቡሹን የነቀልከው ከታች ካደረስከው በኋላ ነው?» አለው ሰውዬው።

«የምን ቡሽ?»

ገመዱ ክው አለ። አይ አለማወቅ! አፉ የተከፈተ ጠርሙስ ገና ውሃው ፊት ላይ ሲደርስ ይሞላል እንጂ ባዶውን ወለል ድረስ ይወርዳል? ያስመረመረው የላዩን ውሃ ነበር።

ጠርሙሱን በቡሽ ወትፎ፣ ቡሹ ላይ ሌላ ሲባጎ አስሮ አወረደ። ወለሉ ጋ ሲደርስ ሲባጎውን መነጨቀው፤ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። የዚህኛው ውጤት መርዝ ሆነ፤ ከሰፈሩ በላይ ካለው ቆዳ ፋብሪካ ሰርጎ ከታች የተኛ መርዝ።

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ነገራት። ትረግመኛለች ብሎ ጠበቀ። ምነው በረገመችው።

«እህቴ ሰምታለች?» አለችው።

«አልነገርኳትም።»

«ልጆቿ አሁን ከትምህርት ቤት ይገባሉ። ተጠምተው ነው የሚመጡት። ተነሥ፣ ሂድ ንገራት።»

ተነሥቶ በሩ ድረስ ሄደ። ስንት ጉድጓድ ሳይፈራ የወረደ ሰው፣ ያቺን አጥር መሻገር አቅቶት መቃኑን ይዞ ቆመ። ከወዲያ ማዶ የልጆች ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው ደግሞ ውሃ መንሿሿት ጀመረ።

«ሰማህ?» አለችው ከኋላው። «ከፈቱት።»