የአዴ ሐሊማ ጉድጓድ

ትኩስ አቧራ ላይ ውሃ ሲፈስ የሚወጣውን ሽታ በየቀኑ እሸታለሁ፤ እንጀራዬ ነው። መጋላ ሰፈር፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ላቫጆ ከፍቼ ባጃጅ አሳጥባለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን አንዱ ሾፌር የጎማውን ከመነዳሪ ባልዲ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ሲፈልግ፣ የረጠበው ጎማ ሽታ ሳላስበው ግንቡን አሻግሮ ጎረቤት ግቢ፣ ልጅነቴ ውስጥ ጣለኝ።

ያኔ ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳው ከዚያ ግቢ፣ ከአዴ ሐሊማ ጉድጓድ ነበር። መቅጃችን ከአሮጌ ከመነዳሪ የተሰፋ ስለነበር ውሃው ጎማ ጎማ ይላል፤ ጨውም አለበት፤ የሻይ ማንቆርቆሪያችን ውስጡ ኖራ የተለሰነ ይመስል ነጭ ቅርፊት ያወጣል። ፊቱን የሚታጠብም ሆነ ውዱእ የሚያደርግ ሁሉ ግቢው ውስጥ ያለው የዘይቱና ዛፍ ሥር ሄዶ ነው፤ ሌላ ቦታ ጠብ ያደረገ ልጅ ከአዴ ሐሊማ ቁንጥጫ አያመልጥም። ከዐሱር ሶላት በኋላ ደግሞ ጉድጓዱን በጣውላ ትከድንና እላዩ ላይ ትቀመጣለች። «በቃ፣ ጉድጓዱም ይተኛ። ሲነጋ ኑ» ትላለች። እንግዳ ቢመጣ፣ ሠርግ ቢኖር አትነሳም። እኛ ልጆቹ እሷ ለመግሪብ ሶላት ብቻ ስትነሳ ጠብቀን ጉድጓዱ ሲያንኮራፋ ለመስማት ጆሯችንን ጣውላው ላይ እንለጥፋለን፤ የሚሰማው ግን ውሃው ከግድግዳው እየተንጠባጠበ ሲጠራቀም ነው፤ ሕልም እያየ ነው እንባባል ነበር።

ማንበብ የተማርኩት ፂሜ ከሸበተ በኋላ ነው። የዓለም ውሃ እየተመናመነ ነው የሚል ጋዜጣ ሳገኝ ጣቴን እያስከተልኩ እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ቧንቧ ዝጉ፣ የታጠባችሁበትን ለአትክልት አድርጉ ይላል። አንብቤ፣ አጥፌ ኪሴ ከትቼ የውሃ መሳቢያ ሞተሬን አስነሳለሁ። ግቢዬ ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ሳስቆፍር ቆፋሪው አልደበቀኝም፤ «ያንተና የጎረቤትህ ውሃ አንድ ነው፤ አንተ ጠልቀህ ስትስብ የእነሱ ይሸሻል» ብሎኛል። «ቆፍር» አልኩት። የሰፈሩ ቧንቧ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል፤ ቤተሰቤ የሚበላው ግን ከባጃጅ እጥበት ነው።

ሾፌሩ ቀዳዳውን ሳያገኝ የአዴ ሐሊማ ልጅ ዘይነባ ጀሪካን አንጠልጥላ መጣች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ግቢው የእሷ ነው፤ ጣውላው ላይ ጆሯችንን የለጠፍነው አብረን ነው።

«አቦ አንተ፣ ሞተርህ አደነቆረን እኮ» ብላ ሳቀች። «የኛ ጉድጓድ ደግሞ ዛሬ ጭቃ ብቻ አወጣ። ምን እንደነካው እንጃ።»

«አርጅቶ ነው» አልኳት።

«እኔም አርጅቻለሁ፣ ግን አልደረቅኩም» አለች። ሾፌሮቹ ሳቁ።

የውሃ ጎማውን በግንቡ ላይ አሳልፌ ግቢዋ ያለውን በርሜል ሞላሁላት። ሲሞላ እጄን በሁለት እጇ ይዛ «አላህ ይጨምርልህ። ወላሂ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» አለችኝ። ሾፌሮቹ አሚን አሉ። እኔም አሚን አልኩ።

ከእናቷ ጉድጓድ ቀድቶ ያመሰገነ ሰው አላስታውስም። ማን ማንን ያመሰግናል? ውሃ ነበር፤ ይቀዳል፣ ይጠጣል፣ ይኬዳል። ዛሬ ልጇ የገዛ ውሃዋን ከእጄ ተቀብላ ትመርቀኛለች፤ በሰፈሩም ቸር ተብያለሁ። ነገም ጀሪካኗን ይዛ ትመጣለች፤ ትመርቀኛለች፤ እኔም አሚን እላለሁ።