በመኪና ዘጌ የገባችው ታንኳ

ከባለቤቴ ከደምሴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ያደረግነው ነገር ዓሣ መብላት ነው። ከመታመሙ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጣና ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ ቆሮሶ በላን። እሾሁን እንደ ልማዱ እሱ ለቀመልኝ። ከአጠገባችን አንዲት የደንገል ታንኳ እንድትደርቅ ዛፍ ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ውሃዋ ጠብ ጠብ ይላል። የረጠበ ደንገል ሽታው ዝናብ የመታው ድርቆሽ ይመስላል፤ ዓሣ ዓሣም ይላል። ደምሴ እጁን ጠረገና ከታንኳዋ ጭራ ላይ በተቋጠረችው የገመድ ቀለበት ሁለት ጣቱን አስገባ።

«እስቲ እንድሪስን አምጪው» አለኝ።

አመጣሁለት። ከተጋባን ጀምሮ ይህን ወግ ስንት ጊዜ እንዳመጣሁለት እንጃ።

በደርግ ጊዜ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ባሕር ዳር ያለው ቤታችን ከሐይቁ ዳር ነበር። አያ እንድሪስ ከአጥራችን ሥር ታንኳ ይሠራ ነበር። ደንገሉን ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ በጉልበቱ ረግጦ፣ ገመዱን በጥርሱ እየሳበ ነው የሚያስረው። ስለዚህ ሰው የሚያነጋግረው በአንድ በኩል አፉ ነበር። በዚያችው በአንድ በኩል አፉ ግን የሁለት ሰው ያህል ያወራል። «በኔ ታንኳ ላይ ጉማሬ ቢወጣባት የሚደክመው ጉማሬው ነው» ይላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ አያ እንድሪስ ውሃ ይፈራል። ከጉልበቱ በላይ ውሃ ሲገባ ያየው ሰው የለም። ለሶላት ሲታጠብ እንኳ በጣሳ ቀድቶ ፈቀቅ ብሎ ነው። እኛ የሰፈር ልጆች ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው፣ «ኮርቻ የሚሰፋ ሁሉ ፈረስ ይጋልባል?» ይለናል።

ዘይነባ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጌ ሎሚ ጭና፣ ራሷ እየቀዘፈች ትመጣ ነበር። ታንኳዋን የሠራላት እሱ ነው። አንድ ቀን እስከ ወገቧ ርሳ ደረሰች።

«አንተ እንድሪስ! ታንኳህ እስከ ግማሽ መንገድ ተሸከመችኝ፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ነኝ የተሸከምኋት!»

«አቀዛዘፍሽ ነው።»

«እንግዲያው ና ቅዘፍና አሳየኛ!»

ዳሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ እንድሪስ ገመዱን ከጥርሱ ለቀቀ። ሥራ ላይ ሳለ ሲለቀው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሎሚ መግዛት ጀመረ። ቤቱ ሎሚ ሞላ፤ እኛም ጥርሳችን እስኪጠርስ መጠጥነው። በኋላ ወደ ዘጌ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ይዘው የተመለሱት ቃል ይህ ነበር፤ «ከፈለገኝ በሠራው ታንኳ ተቀምጦ ራሱ ይምጣ። ታንኳውን ያላመነ ሰው እኔን ሊያምን ነው?»

አያ እንድሪስ አዲስ ታንኳ ጀመረ። ደንገል በደንገል ላይ ደራርቦ የቤት ግድግዳ አሳከላት።

«አያ፣ መቼ ነው የምትሄደው?» እንለዋለን።

«ትድረቅ።»

ደረቀች።

«ነፋሱ ይለፍ።»

ያን ሰሞን ነፋስ አልነበረም። በዚህ መካከል አንድ የወረታ ነጋዴም ለዘይነባ ሽማግሌ ልኳል ተባለ። እናቴ አጥሩን ተደግፋ፣ «እንድሪስ፣ አንተ ነፋስ ስትጠብቅ ሴትዮዋን ሰው ሊወስዳት ነው» አለችው። እህል መቅመስ ተወ።

የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሲዞር ታንኳዋን ያየው በዚያ ሳምንት ነው። ካኪ ልብሱን እያራገፈ ዙሪያዋን ዞራት።

«ጓድ እንድሪስ፣ ይህች ለወዛደሮች ቀን ሰልፍ ትወጣለች!»

«ውሃ ላይ?» አለ አያ እንድሪስ።

«ምን ውሃ አለው፣ በጭነት መኪና ነው እንጂ።»

የአያ እንድሪስ ፊት በራ። መኪናው ከሰልፉ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀ። ማገዶ ሊጭን ዘጌ ይሄዳል አሉት።

በበዓሉ ቀን ታንኳዋ ቀይ ጨርቅ ለብሳ በመኪናው ላይ አለፈች። አያ እንድሪስ ነጭ በነጭ ለብሶ መሀሏ ተቀምጧል፤ መቅዘፊያም ይዟል። ሕዝቡ መፈክር ያሰማል፤ እሱ አየሩን ይቀዝፋል። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ በቀኝ በኩል አጥብቆ ቀዘፈ። ሰልፉ ሲበተን ውረድ ቢሉት አልወርድም አለ፤ መኪናው አቧራውን እያስነሳ ይዞት ሄደ።

ዘጌ የሆነውን ሾፌሩ ነው የነገረን። ዘይነባ ወጥታ መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረችው። ከዚያ በሳቅ ወድቃ ጎማውን ተደገፈች።

«መምጣቱንስ መጥተሃል» አለችው። «ስንመለስ ግን በውሃ ነው።»

መኪናው ማገዶውን ጭኖ ተመለሰ፤ ለታንኳም ለአያ እንድሪስም ቦታ አልተረፈውም።

ኒካው እዚያው ዘጌ ታስሮ፣ በሳምንቱ ሲመጡ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበላቸው። ዘይነባ ከፊት ሆና ትቀዝፋለች። አያ እንድሪስ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከታንኳዋ ጭራ ላይ የቋጠራትን የገመድ ቀለበት በሁለት እጁ አንቆ ይዟል። ሲወርድም ዓይኑን አልገለጠም።

«እንዴት ነው ሐይቁ?» አለችው እናቴ።

«አላየሁትም።»

እዚህ ላይ ደምሴ ሁልጊዜ ይቀድመኛል። ያን ቀንም ቀድሞኝ «አላየሁትም!» ብሎ ሲስቅ ዓሣው ትን አለው። ደምሴ ከሐይቅ የራቀችው የዱርቤቴ ከተማ ልጅ ነበር፤ በእንስራ ካልሆነ ውሃ አያምንም። ዘጌ እንሻገር ባልሁት ቁጥር መልሱ «በሚመጣው ሳምንት» ነው። ያን ቀንም እንደዚያው አለኝ። ሳምንቱ ሲመጣ ሆስፒታል ነበርን።

አያ እንድሪስን ፍርሃቱ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚስቱ ጋር ዓይኑን እየጨፈነ ይሻገር ነበር። ከዚያች ታንኳ ወዲህ በሠራቸው ሁሉ ላይ ያችን ቀለበት ቋጠረ። ከእሱ የተማሩትም ቋጠሩ። የዛሬዎቹ ለምን እንደሆነች ሳያውቁ ይቋጥሯታል።

ደምሴ ካረፈ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጌ እሻገራለሁ። ከኋላ ተቀምጬ ቀለበቷን እይዛለሁ። ሎሚ ገዝቼ እመለሳለሁ።