አባቴ የተጓዘበት ግድግዳ

አባቴ ቆላ ወርዶ ሞተ። መርዶው ለእኔና ለአክስቴ የተነገረን ግን ሰርግ ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ የወተት ጥርሶቼን ገና ነቅዬ አልጨረስኩም ነበር፤ በእኔ ሐሳብ አባቴ በሕይወት ነበረ፤ በቤታችን ግድግዳ ላይ መንገድ ይሄድ ነበር።

ቤታችን ከሞላሌ ወጣ ብሎ፣ ነፋስ የማይለየው ሜዳ ጫፍ ላይ ነው። የምንኖረው አያቴ፣ አክስቴ አስካለና እኔ ነበርን። እናቴ እኔን ወልዳ አልተነሳችም። አባቴ ታደሰ ገብሱን ውርጭ በመታው ዓመት፣ አንድ በጋ ጥጥ ለቅሜ እመለሳለሁ ብሎ ወደ አፋር ወረደ። ፊቱን በደንብ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ለምዱን ከትከሻው አውልቆ ምሰሶው ላይ ሲሰቅል ነው። «ቆላ ለምድ ምን ያደርግልኛል» አለ። በጋው አለፈ፤ ሌላም በጋ አለፈ። ለምዱ ምሰሶው ላይ ቀረ።

አያቴ የባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሸማኔ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ከሽመናው ጉድጓድ አይወጡም፤ ብዙም አይናገሩም። አክስቴም ሥራ እንጂ ወሬ አትወድም። በአቅራቢያችን እኩያዬ የሚሆን ልጅ አልነበረም። ያኔ ጓደኞችህ እነማን ነበሩ ብባል፣ የግድግዳው እንስሳት ነበሩ ከማለት ሌላ መልስ የለኝም።

እንስሳቱ ቤታችን የገቡት እንዲህ ነው። ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የነበረ አስተማሪ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር የአውሬና የባሕር ፎቶ የሞላባቸው የውጭ አገር መጽሔቶች ትቶ ሄደ። ጽሑፉን የሚያነብ ሰው አልነበረንም። አያቴ ግን ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰው ወፍራም መሆኑን አዩ። የገብስ ዱቄት በውሃ አፍልተው ሙጫ ሠሩና ነፋስ በሚያስገባው በግራው ግድግዳ ላይ፣ ከጓዳው ጥግ እስከ በሩ ድረስ፣ ገጾቹን በተርታ ለጠፏቸው። ለብርድ ብለው ነው እንጂ ለጌጥ አልነበረም።

ማታ ራት ከተበላ በኋላ፣ ኩበቱ ነበልባሉን ጨርሶ ፍም ብቻ ሲቀር፣ እንስሳቱ ይነሱ ነበር። ኩራዙ በበሩ ስንጥቅ በሚገባው ነፋስ ሲወዛወዝ የቀጭኔው አንገት ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ባሕሩም ይናወጣል። ጭሱና የሱፉ ሽታ ቤቱን ይሞሉታል። እኔ ከአያቴ ጉልበት ሥር ቁጭ ብዬ ሁልጊዜ ያንኑ እጠይቃለሁ።

«አባባ፣ አባዬ ዛሬ የት ደረሰ?»

አያቴ ከደብረ ብርሃን አልፈው አያውቁም። ቢሆንም በሸማኔ ዘንጋቸው ግድግዳውን እየጠቆሙ መንገዱን ያስረዱኝ ነበር። ከጓዳው ጥግ ያሉት ቀጭኔዎች የቆላው አገር ናቸው፤ አባቴ ጥጡን ጨርሶ የተነሳው ከዚያ ነው። ቀጥሎ ባሕሩ አለ። ባሕሩ ውስጥ ጭራው ብቻ የሚታይ አውሬ ነበር፤ አያቴ ዮናስን የዋጠው አንበሪ ነው ይላሉ፤ አባቴ በጀርባው ሲያልፍ ሆዱ ውስጥ የሚጸልይ ሰው ድምፅ ሰምቷል። ከባሕሩ ማዶ በረዶ ብቻ የሆነ አገር አለ፤ እዚያ ጥቁር ካባ ደርበው ሆዳቸው ነጭ የሆነ ወፎች ቆመዋል። ስማቸውን ስለማያውቁ ቄሰ ገበዝ አሏቸው። «አየህ፣ አይበሩም፤ ካባው ከብዷቸዋል። ቅዳሴ ስለማይጨርሱ እንግዳ መሸኘት አይችሉም፤ አባትህ ቆሞ እየጠበቃቸው ነው» ይሉኛል። መጨረሻ ላይ፣ ከበሩ መቃን አጠገብ፣ ሆዷ ላይ ስልቻ ያላት አውሬ ነበረች። ከስልቻው የግልገሏ ጆሮ ብቅ ብሏል። ባለ ስልቻ እንላት ነበር። አባቴ እሷ ጋ ከደረሰ ቤት ገባ ማለት ነው።

«ግልገሏን ለምን ስልቻ ውስጥ ከተተችው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እንዳይጠፋባት ነዋ። ስልቻ ያላት እናት ልጄ የት ሄደ አትልም።»

«እርስዎ ስልቻ የለዎትም?»

«የኔማ ቀዳዳ ነው» አሉ። አክስቴ ከጓዳ ሳቀች። አያቴ አልሳቁም።

እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ በየማታው የምጓጓው ለአባቴ ብቻ አልነበረም። የእንስሳቱም ነገር ያስደስተኝ ነበር። እንዲህ ያለ አንገት፣ እንዲህ ያለ ካባ፣ እንዲህ ያለ ስልቻ ያለበት ዓለም ከሜዳችን ማዶ መኖሩ ብርዱን ያስረሳኝ ነበር። ሁለቱን ደስታ ለይቼ አላውቃቸውም፤ አባቴ የሄደበት አገር ሁሉ ያማረ ስለሆነ መዘግየቱን አልተቀየምኩትም።

ከዚያ አክስቴ ለዘመሮ ሰው ታጨች። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። አባቴም ወሬው ደርሶት ከቆላ በተመለሰ ጨው ነጋዴ በኩል ቃል ላከ፦ «ለአስካለ ሰርግ እደርሳለሁ።» አክስቴ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያቴ አባቴን ቶሎ ቶሎ ያስኬዱት ጀመር። አንድ ማታ ቄሰ ገበዞቹ ቅዳሴያቸውን ጨረሱና አባቴ የበረዶውን አገር ለቀቀ። እኔም አጎዛዬን ጎትቼ ከበሩ ሥር ተኛሁ።

በእኛ አገር ሰርግ ሲደርስ ቤቱ በጭቃና በእበት ይለቀለቃል፤ ግድግዳውም በአዲስ ጋዜጣ ይለጠፋል። ጎረቤታችን እማማ ዘነበች የጋዜጣ ሸክም ይዘው መጡ።

«አያ ወልዴ» አሉ አያቴን፣ «አማቾችዎ ይህን አንገት እያዩ ጠላው አይወርድላቸውም። ይሸፈን።»

«ይቺ ግድግዳ አትነካም። ታደሰ መጥቶ ይያት።»

«አባባ፣ ኧረ በማርያም!» አለች አክስቴ። «የባሌ እናት ‹ይቺ ልጅ ጦጣ መሐል ነው እንዴ ያደገችው› ይሉኛል።»

«ጦጣ የለበትም። ሄደሽ እይ።»

ሦስቱ ግድግዳዎች ተለጠፉ፤ የኔው ቀረ። ኮራሁ።

በነጋታው አንድ ሰው መጣ። ከአባቴ ጋር ቆላ የወረደ፣ የማዶ መንደር ሰው ነው። ቤት ግባ ሲባል አልገባም። አያቴን ከአጥሩ ውጭ ጠርቶ ቆመው ሲነጋገሩ ከደጃፉ አያቸው ነበር። አያቴ ተቀመጡ፤ አጠገባቸው ድንጋይ ነበረ፤ እሳቸው ግን መሬት ላይ ነው የተቀመጡት። ቆይተው ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አራገፉና ገቡ።

«ማነው ሰውየው?» አለች አክስቴ።

«የሱፍ ነጋዴ ነው። በዋጋ አልተስማማንም።» ከዚያ ወደ ግራው ግድግዳ ሳያዩ «ያንንም ለጥፉት» አሉ።

«አባባ! አባዬ በየት ይመጣል?» ብዬ ጮኽኩ። እማማ ዘነበች ሙጫው እጃቸው ላይ እንዳለ ሳቁ። «በበር ነዋ፤ እንደ ሰው!» አሉ። አያቴን አየኋቸው። «ለጥፉት አልኩ» ብቻ አሉ።

የባለ ስልቻዋ ጆሮ በጋዜጣ ሲሸፈን ቆሜ አየሁ። በዚያ ማታ ላለመጠየቅ ምዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ጠየቅኳቸው። አያቴ ዘንጋቸውን አንስተው ፊደል የሞላበትን ጋዜጣ ጠቆሙ፤ ቦታውን አልሳቱትም። «ወደ ወፎቹ ተመልሷል» አሉ። «በረዶ መንገዱን ዘግቶበታል።» ያኔ አያቴን ጠላኋቸው። ፊቴን አዙሬ ተኛሁ።

ሰርጉ ደመቀ ተባለ። ሙሽራዋ ስትወጣ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ አያቴ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቋት። ምርቃቱ አልቆ እጃቸው አልተነሳም። ሚዜዎቹ ሲስቁ አክስቴ ቀና ብላ «አባባ፣ ታዴ ለመልሱ ይደርሳል፤ አያስቡ» አለቻቸው። እሳቸውም «እሺ ልጄ» አሉ።

በእኛ አገር መርዶ ሰርግን አይቀድምም። ድግስ በተጠነሰሰበት ቤት ሞት ቢሰማ የሰማው ሰው ውጦ ይይዘዋል፤ ሙሽራ ወጥታ፣ መልሱም አልፎ፣ ሽማግሎች ጎህ ሳይቀድ መጥተው ያረዳሉ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አክስቴ ለመልስ ከባሏ ጋር መጥታ ባደረችበት ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ ነጫጭ ጋቢ የለበሱ ሰዎች በሩን ሞልተው ቆሙ። አባቴ በወባ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል አሉ። አክስቴ በሙሽራ ቀሚሷ መሬት ወደቀች።

ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል ወደ አያቴ ዞረች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«ግድግዳውን ካስለጠፍኩበት ቀን ጀምሮ።»

«እኔ ጨፈርኩ እኮ አባባ! በወንድሜ ሞት ላይ ጨፈርኩ!»

«እንድትጨፍሪ ነው ልጄ» አሉ አያቴ። እሳቸው ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

አክስቴ ወደ ዘመሮ ሄደች። እኔና አያቴ ቀረን። ማታ ማታ ፍሙን እያየን እንቀመጥ ነበር። እኔ አልጠይቅም፤ እሳቸውም አያነሱም። ክረምት ገባ። ጣራው አፈሰሰና ውሃው በግራው ግድግዳ ወረደ፤ ሙጫው ረጥቦ ጋዜጣው ከላይ ተገለጠ፤ የአንዱ ቄሰ ገበዝ ራስ ብቅ አለ። አያቴ ከሽመናው ተነስተው መጡ። መልሰው ይለጥፉታል ስል በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ትንሽ ገለጡት፤ ሆዱ ነጭ እስኪታይ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በዚያ ማታ «አባባ» አልኳቸው፤ «በረዶው ቀልጧል።»

ፍሙን ቆሰቆሱ። «እንዴት አወቅህ?»

«ወፎቹ ካባቸውን ፀሐይ ላይ እያሰጡ ነው።»

«ይበል» አሉ፤ ጋቢያቸውንም ወደ እኔ ስበው አለበሱኝ። ከዚያ ጀምሮ ተራኪው እኔ ሆንኩ። አባቴን ከወፎቹ አስነስቼ ባለ ስልቻዋ ጋ አደርሰዋለሁ፤ እዚያ ስደርስ ግን አንድ ምክንያት እፈልግለታለሁ። ወንዝ ሞልቷል፤ ጅብ ጮኋል፤ መሽቷል። ማስገባቱን አልቻልኩበትም። አያቴ ለምን እንዳላስገቡት የገባኝ ያኔ ነው።

ትምህርት ቤት ገብቼ የወፎቹን ስም ተማርኩ። ፔንጉዊን ይባላሉ። አገራቸው ሰው የማያርፍበት በረዶ ነው። ለአያቴ አልነገርኳቸውም። ዛሬ ሞላሌ አስተምራለሁ፤ ለተማሪዎቼ ስሙን እነግራቸዋለሁ እንጂ ሌላውን አልነግራቸውም። አንዳንድ ጊዜ ጓሳ ሜዳ ላይ ፈረንጆች ተንበርክከው ጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶ ሲያነሱ አያለሁ። ያ ፎቶ በማን ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ አስባለሁ፤ የትኛው ልጅ እንደሚያየው፣ ከጭላዳው ጀርባ ማንን እንደሚፈልግበት። ከዚያ መንገዴን እቀጥላለሁ።

አያቴ ሲደክሙ ዓይናቸው ግድግዳውን አይለይም ነበር። አንድ ምሽት ኩራዙን ሳበራ ድምፄን ሰምተው «ታደሰ የት ደረሰ?» አሉኝ። እሳቸው ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር።

«በሩ ጋ ነው አባባ» አልኳቸው። «እግሩን እያራገፈ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ብርድ ነው፤ ለምዱንም ትቶት ሄዷል። ክፈትለት።»

ተነስቼ በሩን ከፈትኩት። ነፋሱ ገብቶ ኩራዙን አጠፋው። ትንሽ ቆሜ ዘጋሁት። አያቴ በጨለማው ውስጥ «እንኳን ደህና መጣህ» ሲሉ ሰማሁ።

በዚያው ሳምንት ቀበርናቸው። አክስቴ መጥታ አልቅሳ ወደ ዘመሮ ተመለሰች፤ ልጆች አሏት። ለምዱ ምሰሶው ላይ ነው። ግድግዳውን መልሼ አልለጠፍኩትም። ቤቱ ውስጥ የቀረሁት እኔ ነኝ።