ዘይት የቀባሁት ማዳመጫ

ጎማ በዘይት እንደሚበላሽ በዚያን ዘመን መተማ ውስጥ የሚያውቅ የጣሊያኑ ሐኪም ብቻ ነበር። እሱም እያየኝ ዝም አለ። ይህን ስጽፍ ዕድሜዬ ከሰማንያ አልፏል፤ ፀጉሬ ነጭ ሆኗል፤ ንዴቴ ግን እንደዚያ ቀን ትኩስ ነው።

ጣሊያን መተማ ከገባ በኋላ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ዳር የቆርቆሮ ክዳን ያለው ሕክምና ቤት ተከፈተ። እኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ ግመል ጫኝ ነው። ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። ቄሱ ሲያነብ ፊት ለፊቱ ቆሜ እያየሁ ነው የለመድኩት፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፊደሉን ያወቅሁት ተገልብጦ ነበር፤ በኋላ ራሴ አቃናሁት። የዓረቡን ቁጥር ከነጋዴዎች ጆንያ ላይ፣ የጣሊያኑን ጽሕፈት ከመድኃኒት ጠርሙስ ላይ በአንድ ክረምት ለየሁ። ከእኔ በፊት ይህን ያደረገ የመተማ ልጅ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

በሕክምና ቤቱ ተማሪ የምንባለው ሁለት ነበርን፤ እኔና አንድ የጎጃም ልጅ። ተማሪ ይበሉን እንጂ ሥራችን ቁስል ማጠብ፣ ፋሻ መቀቀል፣ ወለል መጥረግ ነበር። ያ አገር ደግሞ ቁስል አያልቅበትም። ሰሊጥ አጫጁ በማጭዱ፣ ግመል ነጂው በእሾህ፣ ሁሉም እግሩን እየጎተተ ይመጣል። እኔ የምፈልገው ግን ደረት ነበር። ሐኪሙ ማዳመጫውን ከአንገቱ አውርዶ ጆሮው ውስጥ ሲሰካ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላው የማይሰማውን ሲሰማ እያየሁ ምራቄን እውጥ ነበር።

ሰኔ ላይ ሐኪሙ በአስተርጓሚው በኩል አስነገረን። አስተርጓሚው ከሐኪሙ ይልቅ ሐኪም የሚመስል፣ ጫማውን በቀን ሦስቴ የሚያስወለውል ሰው ነበር።

«ሰሊጥ ታጭዶ ሲያልቅ አንዳችሁ ወደ ደረት ሕሙማን ክፍል ይዛወራል» አለን። «ማዳመጫ ግን ለእናንተ አይሰጥም። የራሱን ማዳመጫ ይዞ መጥቶ የፈተናውን ደረት በትክክል የሰማ ያልፋል። ሌላው እስኪሸብት ቁስል ያጥባል።»

«እስኪሸብት ያለው ሐኪሙ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እሷን እኔ ነኝ የጨመርኳት፤ ለማሳመር።»

በነጋታው ከጎጃሜው ጋር ወንዙን ተሻግረን ገላባት ገባን። እዚያ አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ አሮጌ የሕክምና ዕቃ በእንጨት ሣጥን ይሸጥ ነበር። ሦስት ማዳመጫ አወጣልን። አንዱ ብረቱ ዓይን የሚወጋ፣ አንዱ ቱቦው እስከ እምብርት የሚደርስ፣ አንዱ አጭርና ጥቁር፣ መልኩ የሚያስጠላ።

«ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ይህን ውሰድ!» አለኝ የሚያብረቀርቀውን እያወዛወዘ። «የካርቱም ትልቅ ሐኪም ዕቃ ነው። ወላሂ፣ የሞተ ሰው ልብ ያሰማል!»

«የሞተ ሰው ልብ ምን ያደርግልኛል፣ ያ ሐጅ? እኔ የምፈልገው የሕያዉን ነው። ይልቅ የኪስ ሰዓትዎን ያውጡልኝ።»

ሰዓቱን ከነሰንሰለቱ አወጣ። ጥምጣሙን አስፈታሁትና ሰዓቱን በአራት እጥፍ ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሦስቱንም በየተራ በጨርቁ ላይ አሳረፍኩ። የሚያብረቀርቀው ምንም አላሰማም፤ ወደ ፀሐይ አዙሬ ሳየው ደረት ላይ የሚያርፈው ስስ ሽፋኑ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ተሰንጥቋል። በረጅሙ ሰዓቱ ከሩቅ መንደር እንደሚመጣ ድምፅ ሆኖ ይሰማል። በጥቁሩ ግን እንደ ዘነዘና ይወቅጣል። የጆሮ ጫፎቹ ወደ ፊት አዘንብለው ካልገቡ ድምፁ እንደሚታፈንም እዚያው ቆሜ ራሴ ደረስኩበት። ይህን ዛሬ ትምህርት ቤት ገብተው ነው የሚማሩት።

«አንተ ቆለኛ፣ ለእኔስ የቱ ይሁን?» አለኝ ጎጃሜው።

«ረጅሙ ይበቃሃል» አልኩት።

ነጋዴው ባዶ አናቱን እያሻሸ፣ «ዕቃዬን መረጥክ፣ ጥምጣሜንም ፈታህ፤ ምን ቀረህ? ሱቁን ልልቀቅልህ?» አለ። እየነዳሁ ያመጣኋቸውን ሁለት ፍየሎቼን ሰጥቼው ጥቁሩን ይዤ ወጣሁ፤ ጎጃሜውም ረጅሙን ገዛ።

እንግዲህ አያያዙ። በእኛ በቆላ ሰዎች ዘንድ ዕቃ መያዝ ማለት ዘይት መቀባት ማለት ነው። የግመሉ ጠፍር፣ የኮርቻው ማሰሪያ፣ አለንጋው፣ ጫማው፣ የራሳችን ቅልጥም ሳይቀር ሰሊጥ ዘይት ካልነካው ያ ፀሐይ ይሰነጣጥቀዋል። አባቴ የጠፍር አያያዙ ከመተማ እስከ ገዳሪፍ የተመሰገነለት ሰው ነበር፤ እኔም ከእሱ የተማርኩትን ነው ያደረግሁት። ሰንበት በመጣ ቁጥር ከሕክምና ቤቱ ጀርባ ባለው ባምባ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ፤ ጥጥ በዘይት ነክሬ ቱቦዎቹን ከላይ እስከ ታች አሻለሁ።

ጎጃሜው የራሱን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ጥሎት ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ወጥ ልትሠራበት ነው?»

«እናንተ ደገኞች ዕቃ መያዝ መቼ ታውቁና! ያንተ እንደ እባብ ቅርፊት ሲረግፍ ያን ጊዜ ታለቅሳለህ።»

ሐኪሙም ሲጋራውን እያጨሰ በዚያ ያልፍ ነበር። በመጀመሪያው ሰንበት ቆም አለ። አስተርጓሚውን ጠራ፣ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ፣ አንድ ነገር ተናገረ፣ ሁለቱም ሳቁ። እኔ ትጋቴ አስደስቷቸው መስሎኝ የበለጠ አሸሁ! ከዚያ በኋላ በየሰንበቱ ያልፋል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ቱቦው እየወፈረና እየለሰለሰ መጣ። ጠገበ ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥሎ እጅ ላይ መጣበቅ ጀመረ፤ አቧራ ነው ብዬ ጠርጌ ሌላ ዘይት ጨመርኩ።

ጥቅምት ላይ ፈተናው ደረሰ። የተኛው ሕመምተኛ ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ፣ ሲያስል ጎኑን የሚይዝ ሰው ነበር። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ አስተርጓሚው ከኋላው ቆመ። መጀመሪያ እኔ ቀረብኩ። ማዳመጫዬን ደረቱ ላይ አሳረፍኩና ጆሮዬን ሰጠሁ። ዝም! የቱቦው ውስጡ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ላላቅቀው ሳብ ባደርገው እጄ ላይ እንደ ሊጥ ተበጠሰ፤ ጥቁሩ ዝቃጭ የሰውየው ደረት ላይ ተለጠፈ።

«ኧረ ምን ቀባኸኝ?» አለ ሕመምተኛው።

ሐኪሙ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የተናገረውን አስተርጓሚው መለሰልኝ፦ «ሰላጣውስ የት አለ? ይልሃል።»

ሰላጣ በዘይት የሚታሽ ቅጠል መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የገባኝ መሳቁ ብቻ ነበር። የተበጠሰውን ጥዬ ተንበረከክሁና ባዶ ጆሮዬን ሰውየው ጀርባ ላይ ለጠፍኩት። ጆሮዬ ከማንም ማዳመጫ አያንስም! በስተግራ፣ ከጎድኑ በታች ሰማሁት፤ ሰሊጥ ሲቆላ የሚንጣጣውን የሚመስል ድምፅ።

«በግራ በኩል፣ ከታች» አልኩ ጮክ ብዬ።

አስተርጓሚው ጫማውን ይመለከት ጀመር።

«ተርጉምልኝ እንጂ!»

«ፈተናው በማዳመጫ ነው። በጆሮማ አህያም ይሰማል።»

ከዚያ ጎጃሜው ቀረበ። ረጅሙን ማዳመጫ ሰካ፣ ዓይኑን አርገበገበ፣ ቆየ፣ ቆየና «በግራ በኩል፣ ከታች» አለ። ይህን አስተርጓሚው ተረጎመው። ሐኪሙ በራሱ ማዳመጫ አረጋገጠና «ብራቮ» ብሎ የጎጃሜውን ትከሻ መታ።

በረንዳ ላይ ስወጣ አስተርጓሚው ተከተለኝ። «አትናደድ» አለኝ። «ጎማ ዘይት ሲነካው እንደሚሟሟ ሐኪሙ ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል። ማዳመጫህ እስከ ፈተናው ይደርሳል፣ አይደርስም ብለን ተወራርደን ነበር። አይደርስም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተበላሁ።»

አትናደድ ይለኛል! አራት ወር ሙሉ ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነበር። አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር። ማስተማር ሥራው የሆነ ሰው የተማሪውን ስሕተት እንደ ዶሮ ጠብ ቆሞ ያያል? እኔ በኋላ ስንት ልጅ አስተምሬያለሁ፤ አንዱንም እንዲህ አላደረግሁም።

ወደ ቁስል ማጠቤ ተመለስኩ። ሳምንት ሳይሞላ ጎጃሜው ማዳመጫውን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣና ከምቀቅለው ፋሻ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ወንድሜ፣ ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ገብቷል።»

«የምን ፌንጣ?»

«ኪኒኑ ነው። ወባ እንዳይጥለኝ ከወረድኩ ጀምሮ ስውጥ ጆሮዬ ቀን ከሌት ይጮኻል። በማዳመጫው ምንም አልሰማም።»

«የፈተናውን ደረት ሰማሁ ብለህ አልነበር?»

«የሰማሁትማ አንተን ነው» አለኝ።

ማሰሮውን ልደፋበት ምንም አልቀረኝም። ሰደብኩት፣ አባረርኩት፤ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ማዳመጫውን ዘረጋልኝ። እውነቱን ልናገር፤ ለእሱ አዝኜ አይደለም። ደረት መስማት ስለፈለግሁ ነው የተቀበልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪሙ ሲወጣ እኔ ክፍሉ እገባለሁ፤ እኔ እሰማለሁ፣ እሱ ለሐኪሙ ይናገራል። «ብራቮ» የሚባለው እሱ ነው።

የራሴንም ጥቁሩን አልተውኩትም። ለሆድ ማጠቢያ ያገለግል የነበረና የተጣለ ቱቦ አገኘሁ፤ በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት፣ እኩል ሁለት ቦታ ቆረጥኩት፣ ብረቱ ላይ ሰካሁት። እንዴት እንደሚያዝ አሁን ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም ነበር። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ይታጠባል፣ ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ አይታጠፍም፣ ፀሐይ አያየውም። ዘይት እንዳይነካው ብዬ ፀጉሬን መቀባት ተውኩ። የመተማ ሰው ፀጉሩ አመድ መስሎ ሲሄድ ምን ያህል እንደሚሳቅበት የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ከኮኪት የመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በሳል ተይዘው ተኙ። ሁለታችንም ሥራችንን ጀመርን።

«ምነው ልጆቼ» አሉ እናቲቱ፣ «ሁለት ሆናችሁ ያላችሁ አንድ ጆሮ ነው?»

«ዝም ይበሉ እማማ፣ ይተንፍሱ» አልኳቸው።

«እተነፍሳለሁ። ግን የሚሰማው አንዱ፣ የሚያወራው ሌላው። እንዲህ ያለ ሕክምና አይቼ አላውቅም።»

ሐኪሙ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። እናቲቱ ከመፍራት ይልቅ አስተርጓሚውን ጠሩት። «ለጌታህ ንገረው» አሉት። «ደረቴን የሚያውቀው ይህ ፀጉረ ደረቁ ነው። ያኛው መልክተኛ ነው።»

ጎጃሜው አንገቱን ደፋ። «እውነታቸውን ነው» አለ። ለዚህች ቃል ብቻ ይቅር ብየዋለሁ።

አስተርጓሚው የእናቲቱን ዕድሜ ፈርቶ ይሁን ውርርዱን ተበልቶ አኩርፎ፣ አላውቅም፣ በዚህ ጊዜ ተረጎመው። ሐኪሙ ቀረበ። በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ፣ ከዚያ ወደ እናቲቱ ጀርባ። ጥቁሩን ማዳመጫዬን ከኪሴ አወጣሁ። የሆድ ማጠቢያው ቱቦ መሆኑን ለይቶት ከንፈሩን አጣመመ። እኔ ግን ሰማሁ። «በቀኝ በኩል፣ ከታች። በግራ ንጹሕ ነው» አልኩ። እሱም ሰማ፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አልሳቀም።

«ከነገ ጀምሮ እዚህ ክፍል ነህ ይልሃል» አለኝ አስተርጓሚው። ሐኪሙ ከበሩ ሲደርስ ዞሮ አንድ ነገር ጨመረ። አስተርጓሚው ፈገግ አለ፦ «ዘይት አትቀባው ይልሃል።»

የፈለግሁትን አግኝቻለሁ፤ መደሰት ነበረብኝ። ነገር ግን ያቺ ቃል! በሰኔ ከዛፉ ሥር ልትነገረኝ የሚገባት ቃል፣ አሁን፣ ካወቅኋት በኋላ፣ እንደ ምጽዋት ተጣለችልኝ።

«አመስግን እንጂ» አለኝ አስተርጓሚው በጎን።

«በጊዜው ቢነግረኝ አመሰግነው ነበር፤ አሁን ግን አላመሰግንም በልልኝ» አልኩት። «ምንም ሳታሳምር፣ እንዳልኩህ።»

አስተርጓሚው ወደ ሐኪሙ ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ግራስዬ» አለ። ሐኪሙ እጁን አንስቶ ፈገግ ብሎ ወጣ።

ያቺን የጣሊያን ቃል አውቃታለሁ፤ አመሰግናለሁ ማለት ናት። እኔ አላልኳትም።