ያልተወጋችው መርፌ

በልብስ ፋብሪካው ቆራጭ ክፍል ስሟን የሚጠራ የለም፤ «ሚሊሜትር» ነው የሚሏት። ስልሳ ጊዜ በተነባበረ ጨርቅ ላይ የኤሌክትሪክ መቁረጫውን ስትነዳ እጇ ንቅንቅ አይልም። ከላይኛውና ከታችኛው ጨርቅ መሃል የፀጉር ያህል ልዩነት ካገኘች ቀኑን ሙሉ ፊቷ አይፈታም። የስፌት ክፍል ኃላፊዋ «አንቺ እኮ ባልሽንም ለክተሽ ነው ያገባሽው» እያለች ታበሽቃታለች። ወይ መለካት! ለክታ ቢሆን ኖሮማ እዚህ ባልደረሰች።

ከሰባት ዓመት በፊት ግን ያቺው እጅ ጉድ ሠርታለች። ለሳምንት ያህል እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር፣ እየሳቀች፣ እየዘፈነች፣ የሁለት ቀን ሥራ በግማሽ ቀን እየጨረሰች ሰነበተችና አንድ ቀን ለተማሪዎች ዩኒፎርም የመጣውን ጨርቅ በሙሉ ግራ እጅጌ ብቻ አድርጋ ቆረጠችው። ግራ እጅጌ ብቻ! ሲደርሱባት «ቀኙን ነገ» አለቻቸው። ሆስፒታል ገባች። ስትወጣ ደግሞ አራት ወር ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ሐኪሞቹ የስሜት መዛባት ነው አሉ፤ አንዴ የሚሰቅል፣ አንዴ የሚጥል። ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላት። ይኸው ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልዘለለችውም፤ ሕመሙም ዞር ብሎ አላያትም።

ባሏ ያኔ እጮኛዋ ነበር። አልሸሻትም፣ ይህን ማንም አይክደውም። ችግሩ እናቱ ጡረታ የወጡ አዋላጅ መሆናቸው ነው። ሰፈሩ «ሲስተር» ይላቸዋል፤ ኪኒን ከነዘር ማንዘሩ ያውቃሉ። «እማዬ ካወቀች አለቀልን» አለና ልጅየው በየወሩ ኪኒኑን ከማሸጊያው እየፈለቀቀ በቫይታሚን ጠርሙስ ይገለብጠው ጀመር። እሷም እሺ አለች። አዲስ ሙሽራ ናት፣ ምን ትበል?

ልጅ ቆየ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት። በምርመራ እንቁላሏ በራሱ ጊዜ እንደማይበስል ታወቀ፤ ለአሥር ቀን ያህል በየቀኑ ሆዷ ላይ የሚወጋ መርፌ ያስፈልጋታል ተባለ። ሚሊሜትር ልጅ ትፈልግ ነበር፤ ሰው ይጠይቀኛል ብላ ሳይሆን ለራሷ። በአውቶቡስ የሰው ሕፃን ሲስቅላት ሆዷ ባብቶ ሁለት ፌርማታ አልፋ ትወርዳለች።

መጀመሪያ የሄደችው ሰባት ዓመት ወዳከሟት የአእምሮ ሐኪም ነው። ሽማግሌው ነገር አያለባብሱም። «መውለድ ትችያለሽ፤ ማን ነው አትችይም ያለሽ?» አሏት። «ግን ይህ ኪኒን ለፅንስ አይበጅም። ቀስ ብለን በሌላ እንቀይረዋለን፤ ወራት ይፈጃል። መርፌውም ስሜትን ሊነካካ ስለሚችል መርፌውን ከሚያዝልሽ ዶክተር ጋር እኔ ራሴ እነጋገራለሁ። ቤት ውስጥ ደግሞ እንቅልፍሽን የሚጠብቅ፣ ስትለወጪ አይቶ የሚደውልልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ይህ ሳይሆን መርፌ እንዳታስነኪ!»

ለባሏ ነገረችው። «ቀስ ብለን» አለ። ቀስ እንዳለ ሁለት ወር ሄደ።

አማቷ ግን ቀስ የሚባል ነገር አያውቁም። ድሮ ያሠለጠኑት የማህፀን ዶክተር ዘንድ ቀጠሮ አስይዘው፣ ምራታቸውን በክንዷ ይዘው ገቡ። ዶክተሩ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሚሊሜትር አፏን ሳትከፍት ሲስተር ቀደሟት፤ «ምንም የላት፣ ቫይታሚን ብቻ ነው። እኔ ምስክር ነኝ!»

«ሲስተር ካሉማ አለቀ» ብሎ ሳቀ። «ቫይታሚኑን ተይው፤ እኛ የምንሰጥሽ ይበቃል።»

የመርፌውን ካርቶን ታቅፋ ወጣች።

ለባሏ ስትነግረው ይደነግጣል ብላ ነበር። እሱ እቴ! ፊቱ በራ። «ታዲያ ለአሥር ቀን ብታቆሚውስ? ዶክተሩ ራሱ ነው እኮ ያለው።»

«ዶክተሩ ያለው ቫይታሚን ነው።»

«ያው ነው» አለ። አያፍርም እኮ!

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሲስተር መጡ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ መርፌውን ከፍሪጅ አውጥተው በመዳፋቸው አሞቁት፣ ሆዷን በአልኮል ጠረጉ። እጃቸው ለስላሳ ነው፤ ይህም አሳዘናት። ቆዳዋን ቆንጠጥ ሲያደርጉ «እማማ፣ ይቆዩ» አለች።

«አያምም፣ አይዞሽ የኔ ልጅ።»

«እሱን ፈርቼ አይደለም።» ተነሥታ ጠርሙሱን አመጣችና በጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ስለ ሆስፒታሉም፣ ስለ አራቱ ወርም፣ ሐኪሟ ስላሏትም ሁሉንም ተናገረች። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ክው አለ።

ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው አንዷን ኪኒን አገላብጠው አዩ። ወዲያው አወቋት። መርፌውን ከደኑት። «ይህን እየዋጥሽ ብወጋሽና ብታረግዢ ኖሮ፣ ያን ፅንስ የምጎዳው እኔ ነበርኩ» አሉ። «እንኳን ነገርሽኝ። በሥራዬ ስንት እንዳንቺ ያሉትን አዋልጃለሁ መሰለሽ! ሐኪማቸውን ሰምተው፣ በወጉ ተጠብቀው፣ ሎሚ የመሰለ ልጅ ነው ታቅፈው የሄዱት።»

ሰባት ዓመት የፈራቻቸው ሴትዮ እኚህ ናቸው? እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «እንግዲያው እንቅልፌን እርስዎ ይጠብቁልኛል? ሐኪሜ ዘንድ አብረን እንሂድ?»

ሲስተር መርፌውን ወደ ካርቶኑ መለሱ። ዓይኗን አላዩም። «እነሱ የልጄ ሚስቶች አልነበሩም» አሉ። ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ።

ወደ ባሏ ዞረች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ «እኔ እጠብቅሻለሁ» ቢላት ይበቃት ነበር።

«ምናለ ዝም ብትይ?» አላት።

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እንደ ልጅ ጮክ ብላ፣ ወንበሩ ላይ እጥፍጥፍ ብላ፣ የማትወልደውን ልጅ እያሰበች አለቀሰች። እናቱ የሞተችበት ሰው የሚያለቅሰውን ያህል አለቀሰች፤ ይገባታልም።

ባሏ ጥቂት ቆሞ አያት። ከዚያ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸት አለ። «ኪኒንሽን ውጠሻል?» አላት።

«ውጫለሁ» አለችው። ውጣም ነበር፤ ጠዋት፣ በሰዓቱ።